ስለ እናቴ ጣቶችና ስለ ሁለቱ የውሃ ዋጋዎች

ለተከበሩ የሰፈራችን የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ ሁላችሁም ጤና እንድትሆኑ፣ በቤታችሁ ያለው ቧንቧ አንድም ቀን እንዳይደርቅ፣ የስልካችሁም ባትሪ ውሃ መቅጃ ሰዓት ላይ እንዳያልቅባችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኛም በእርስዎ መልካም አስተዳደር ሥር፣ ወረፋችንን ይዘን፣ ደኅና ነን።

እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ ቢያውቁኝ ነበር የሚገርመኝ። ከገበያው ጀርባ ባለው ቦኖ፣ በጥሬ ገንዘብ ከፋዮች ወረፋ ላይ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከእናቷ ኋላ የምትቆመው፣ ሰው ሰላም ሲላት መሬት መሬት የምታየው ልጅ ነኝ። እናቴ የሰው ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ናት። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ፤ ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙ ቅር እንዳይልዎ አደራ እላለሁ። የሚያርምልኝ ሰው ፈልጌ ነበር፤ የተማሩት ሰዎች ሁሉ በወዲያኛው፣ በስልክ ከፋዮቹ ወረፋ ላይ ስለሆኑ አላገኘሁም።

ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ላቀርብልዎ አስቤ አንድ ቀን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በልቤ ሳጠና መጣሁ። ፎቁን ወጥቼ፣ መተላለፊያው ላይ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ጸሐፊዎ «ምን ልርዳሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ «ሽንት ቤት የት ነው?» አልኳቸው። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸውና ቁልፉን ሰጡኝ። ገብቼ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ እጄን ታጠብኩ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ትሑት ቧንቧ አይቼ አላውቅም፤ በስልክ ነው ወይስ በእጅ የምትከፍዪው ብሎ ሳይጠይቀኝ እንዲሁ ወረደልኝ። ቁልፉን መልሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ስለዚህ ለዚያ ቀን መስተንግዶዎ ምስጋናዬን በመጀመሪያ አስቀድሜ፣ ያን ቀን ያልወጣልኝን ነገር አሁን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ መባል ከቻለ፣ ስለ ማስታወቂያው ነው። በቦኖው ግድግዳ ላይ «በማንም ደንበኛ ላይ ምንም ዓይነት ጭማሪ አልተደረገም፤ በስልክ ለሚከፍሉ ክቡራን ደንበኞቻችን ግን ቅናሽ አድርገናል» የሚል በትልልቅ ፊደል አስለጥፈውልናል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለችኝ፤ እኔ ጮክ ማለት ስለማልችል በጆሮዋ አነበብኩላት። ሰምታ ስታበቃ «ተመስገን፣ ጭማሪ የለም ማለት ነው» አለች። ውሃውን የሚያስቀዱት እትዬ ሰምተዋት ኖሮ፣ ቧንቧውን እየዘጉ «ጭማሪውማ አምና መጥቶ እቤታችሁ ገብቷል፤ ዘንድሮ የመጣው ቅናሽ ነው፣ እሱ ደግሞ በራችሁን አልፎ ሄደ» አሏት። ወረፋው ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ነገሩ የገባት ግን ማታ እቤት ስትደርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና የሁላችንም ዋጋ ከፍ አለ። ዘንድሮ በስልክ የሚከፍሉት ሰዎች ወደ ድሮው ዋጋ ተመለሱ፤ እኛ በወጣንበት ቀረን። የድሮው ዋጋ «ቅናሽ» የሚል የክርስትና ስም ወጣለት። ጭማሪው ግን ስም ሳይወጣለት ቀረ፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ በአቤቱታ ላይ ሊጻፍ አይችልም። ይህን ያሰበ ሰው ብልህ ነው፤ እርስዎ ከሆኑ እንኳን ደስ አለዎት።

በስልክ ሦስት ጀሪካን የሚያስቀዳ ገንዘብ በእጅ ሲሰጥ ሁለት ብቻ ያስቀዳል። ለመጠጥና ለወጥ ቢሆን ኖሮ ችለን ዝም እንል ነበር፤ ዝም ማለት እንደሆነ ከማንም አላንስም። የእናቴ ሥራ ግን ውሃ ነው። የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ሲታጠብ የመጀመሪያው ውሃ እድፉን ያወጣል፣ ሁለተኛው ሳሙናውን ያስለቅቃል፣ ሦስተኛው ያለቀልቃል። እርስዎ የወሰዱብን ሦስተኛውን ነው። በሁለት ውሃ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ሲሰጣ ነጭ ይመስላል፤ የሚተኛበት ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። እናቴ እንዲህ ያለ አንሶላ አጥፋ መስጠት አይሆንላትም። ሦስተኛውን ጀሪካን ከእጥበት ዋጋዋ ላይ እየገዛች ስታለቀልቅ ከረመች፤ በደንበኞችሽ ላይ ዋጋ ጨምሪ ብላት «እነሱ ምን በወጣቸው፣ ውሃውን ያስወደዱት እነሱ ናቸው?» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ስለ ጥላው ነው፤ አጭር ነው። ለስልክ ከፋዮች ወረፋ የሠሩት የቆርቆሮ ጥላ በጣም ያምራል። ከቀትር በኋላ ጥላው ዘወር ብሎ ወደ እኛ ወረፋ ይመጣል፤ ይህን ሳያውቁ ያደረጉት መሆኑን ስለምረዳ በዚህ አልወቅስዎትም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን እፈራለሁ። እኔ ስልኩን ጠልቼ አይደለም። ድሮ ሁሉም በእጅ በሚከፍልበት ጊዜ እትዬ እንዴት እንደነበሩ አይቻለሁ። የተቀደደ ብርና የማይታወቅ ሳንቲም ሲገኝ ከደሞዛቸው ይቆረጥ ነበር። የቀኑን ገንዘብ ለማስረከብ ሲሄዱ ሌባ እንዳያገኛቸው ባዶ ጀሪካን ውስጥ ከተው፣ ውሃ ቀድታ እንደምትሄድ ሴት ተሸክመውት ነበር የሚሄዱት። አሁን ግን «እንቅልፌ ተመለሰልኝ» ይላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእሳቸው እንቅልፍ አመሰግንዎታለሁ፣ ይሄኛውን ምስጋና እውነተኛ ብለው ይቀበሉኝ። ጥሬ ገንዘብ መቁጠር፣ መጠበቅና ማጓጓዝ ወጪ እንዳለውም አልክድም። ወጪው ስንት እንደሆነ ቢነገረን የድርሻችንን እንከፍል ነበር። አንድ ሰው በስልክ መክፈል እየቻለ በእጅ ልክፈል ካለና ወጪ ካስከተለ፣ ያስከተለውን ቢከፍል ፍርድ ነው እላለሁ። ምርጫ ለሌለው ሰው ግን ይህ ዋጋ አይባልም። ቅጣት ነው፤ ቅጣት ደግሞ ጥፋት ያስፈልገዋል። የእናቴን ጥፋት ለማወቅ ብዙ ጥሬ በመጨረሻ ያገኘሁት ሦስተኛው ቁጥር ላይ ያለውን ነው።

ሦስተኛ፤ እናቴ ጣት የላትም።

እንዲህ ስል እንዳይደነግጡ፤ ጣቶቿ ዐሥሩም አሉ። በስልክ ለመክፈል በስሟ የተከፈተ ሂሳብ ያስፈልጋል ሲባል፣ አሮጌዋን ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለምዝገባ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ሄድን። እኔ ዕድሜዬ ስላልደረሰ በስሜ አይከፈትም ተብሏል፤ ሕግ ነው፣ አልተቃወምኩም። መዝጋቢው ወጣት ልጅ የእናቴን አውራ ጣት ይዞ በአሻራ ማንሻው መሣሪያ መስታወት ላይ አስቀመጠው። ቀይ መብራት በራ። መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ደገመ፤ ቀይ። ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት፣ የግራ እጅ፤ ሁሉም ቀይ። ልጁ የእናቴን መዳፍ ወደ ብርሃኑ ገልብጦ አየና «እማማ፣ አሻራዎን የት ጥለውት ነው የመጡት?» አላት። እናቴም «በሰው ልብስ ላይ ቀርቶ ይሆናል ልጄ፣ ሂድና ከየሰው አንገትጌ ልቀመው» አለችው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራቸው ሳቀች። እኔ ግን ከጎኗ ስለነበርኩ እጇን ወደ ነጠላዋ ስር ስትከት አይቻለሁ። ሃያ ዓመት ሳሙናና በረኪና የነካ ጣት እንደ ብርጭቆ ይለሳልሳል፤ መስመር የሚባል ነገር አይቀርበትም። ለካ በመሣሪያው ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እጅዎን ያሳርፉት። ሳሙና አይንኩ፣ ቅባት ይቀቡት፣ ከሁለት ወር በኋላ ይምጡ፤ ያበቅላል» አላት። እናቴ «ስንዴ ነው እንዴ የሚያበቅለው?» አለችው። አሁንም ተሳቀ። እየሳቅን ወጣን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

በመንገድ ላይ ግን ነገሩን በልቤ ሳገላብጠው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፤ ርካሽ ውሃ ለማግኘት ጣት ያስፈልጋል፣ ጣት ለማግኘት ደግሞ ውሃ መተው ያስፈልጋል። ይህን ለእናቴ ብነግራት ትስቃለች ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም።

አራተኛው ስለ ጎረቤታችን ስለ ልብስ ሰፊው ነው። ጋሼ ችግራችንን ሲሰሙ «እሜቴ ሳሙና» አሏት፤ እናቴን የሚጠሯት እንዲህ ነው፤ «እኔ ስልክ እያለኝ አንቺ በውድ ትቀጂያለሽ? ገንዘቡን ለኔ ስጪኝ፣ እኔ በስልኬ እከፍልልሻለሁ።» እንዲህ እያደረግን ጥቂት ሳምንት ደኅና ሰነበትን። እሳቸው መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ እየመጡ ሲከፍሉልን «ያንቺን ውሃ ባስቀዳሁ ቁጥር እኔም የታጠብኩ ይመስለኛል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከዚያ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለተኛ ማስታወቂያ ወጣ፤ በሌላ ሰው ስልክ ውሃ ማስቀዳት በቅናሹ ያለአግባብ መጠቀም ነው የሚል። የጋሼ ሂሳብ ታገደ። ደንበኞቻቸው የሚከፍሏቸው በዚያው ስልክ ስለነበር፣ የሰፉበትን ሳይቀበሉ፣ ክርና አዝራር መግዣ አጥተው ሰነበቱ።

ሂሳባቸው ከተከፈተላቸው በኋላ አንድ ምሽት ወደ ቤታችን መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ቅር እንዳይልሽ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ» አሉ። እናቴ «አንተ ምን አጠፋህ ወንድሜ? ይልቅ ግባ እንጂ፣ ደጅ ላይ አትቁም» አለቻቸው። አልገቡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ሲያዩን አንገታቸውን ደፍተው በወዲያ ማዶ ያልፋሉ፤ እናቴን «እሜቴ ሳሙና» የሚላት ሰውም የለም። በእኛ ላይ ተቆጥተው ሳይሆን አፍረው ነው። ክቡር ሆይ፣ የውሃ ዋጋ ልዩነት ስንት እንደሆነ ማስታወቂያዎ ላይ ተጽፏል፤ የጎረቤት ዋጋ ግን አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አምስተኛ ነበር። ቅሬታ ይሁን ሐዘን ለይቼ ስላላወቅሁት ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

እናቴ እጇን አሳረፈች።

ወሰንኩ ብላ አልነገረችኝም። አንድ ቀን ጠዋት ሳፋውን ግድግዳው ላይ ደግፋ አስቀመጠችውና፣ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቫዝሊን ተቀብታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ አኖረቻቸው። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ትመስል ነበር። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እናቴን ደረቅ እጅ ይዛ አይቻት አላውቅም። ልታቅፈኝ ስትል እንኳ መጀመሪያ ቀሚሷ ላይ ጠረግ ጠረግ ታደርግ ነበር። አሁን የምትጠርገው ስታጣ እጇን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። አንዳንዴ ስታወራ ሳታውቀው የቀሚሷን ጫፍ ይዛ፣ ሁለቱን ጭብጦቿን አጋጥማ ታሻሻለች፤ ሲገባት ደንግጣ ትለቀዋለች።

ልብሱን እኔ አጥብ ጀመር። አቅሜን አልሰሰትኩም፤ ሦስቱንም ውሃ እያፈራረቅሁ ነው ያጠብኩት። ነገር ግን የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት፣ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ አንሶላዎቹን ሳስረክብ ተቀብለው ገልጠው አዩና «ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ እኔ የማውቀው የእናትሽን እጅ ነው። እሷ ስትመለስ እንነጋገራለን» አሉኝ። መልስ መስጠት ነበረብኝ። «ጣቷ እስኪበቅል ነው» ማለት አፈርኩና «እሺ» ብዬ ወጣሁ። በቀጣዩ ሳምንት አንሶላው ዋናው መንገድ ላይ ወደ ተከፈተው ላውንደሪ ሄደ። እዚያ ያሉት የውሃ ክፍያቸው በስልክ ስለሆነ ከኛ ባነሰ ዋጋ ያጥባሉ። እግዜር ያሳያቸው ብዬ አልረግማቸውም፤ እነሱ የገዙት የተሰጣቸውን ቅናሽ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ተከተለ። የመምህሩ ሸሚዞች ሄዱ፤ የመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋዎን ሄደ። የልብስ ማስጫው ገመዳችን ባዶውን ሲቀር ወፎች መጥተው ይሰፍሩበት ጀመር። እናቴ እነሱን እያየች ትውላለች።

ሁለት ወሩ ሲያልቅ ወደ መስኮትዎ ተመለስን። ልጁ አልረሳትም። አውራ ጣቷን አስቀመጠችው፤ አረንጓዴ በራ። ልጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበና «እማማ፣ ተገኙ እኮ!» አላት። የእውነቱን ነው የተደሰተው። እናቴ ግን ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አንስታ፣ ገልብጣ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው። የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ እንደተሰጣት ዓይነት ነበር። ልጁ ወረቀቱን እየሞላ «በየስድስት ወሩ መጥተው ያሳድሳሉ። በሚመጡ ጊዜ ጣቱ ካልታየ ሂሳቡ ይዘጋል፤ እንግዲህ እጅዎን አደራ» አላት። እሷም «አደራህን በሰማይ ልጄ» አለችው።

አሁን እናቴ የጥላው ወረፋ ሰው ናት። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ግን ከወትሮው ወረፋዋ፣ ከፀሐዩ፣ አልወጣችም። እትዬ አይተዋት «አንቺ፣ ጥላው ላንቺም ሆኗል እኮ፤ ግቢ እንጂ» ቢሏት «ለአንዲት ጀሪካን ጥላ ምን ያደርግልኛል?» አለች። አንዲት ጀሪካን ነበር የያዝነው። ለሁለት ሰው መጠጥና ለወጥ አንዲት ትበቃለች። ሦስት ጀሪካን በሁለት ዋጋ የመቅዳት መብቷን ተቀዳጅታለች፤ ሦስቱን የምትሞላበት ልብስ ግን የላትም። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምነግርዎ ለማማረር ሳይሆን አሠራርዎ ፍሬ ማፍራቱን እንዲያውቁት ነው። የሰፈራችን የስልክ ከፋዮች ቁጥር በአንድ ጨምሯል፤ በሪፖርትዎ ላይ ቢያስገቡት ደስ ይለናል።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን አንድ ነገር ሆነ።

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ራሳቸው በእግራቸው ወደ ቤታችን መጡ። ከኋላቸው ሠራተኛቸው አንድ ትልቅ ጥቅል ተሸክሟል። ላውንደሪው አንሶላዎቹን በበረኪና በልቷቸው ግማሹ እንደ ወረቀት እየተቀደደ ነው። «የተረፈውን አንቺ ካላዳንሽልኝ ሌላ መግዛት አልችልም፤ ከእንግዲህ ወዲያ እንደ ድሮው ካንቺ ሌላ የሚነካብኝ የለም» አሏት። እናቴ ፊቷ በራ። እጇን ካሳረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም። እሳቸውን ሸኝታ ስትመለስ ሳፋውን ከግድግዳው አነሳች፣ አጠበች፣ ውሃውን አንቆረቆረች፣ ሳሙናውን ፈተፈተች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለች።

ከዚያ ቆመች።

ሁለት እጇን ከውሃው በላይ ዘርግታ፣ ሳትነክራቸው፣ እንዲሁ ቆመች። አረፋው ቀስ በቀስ እየከሰመ ሲሄድ ታየዋለች። ካጠበች በስድስት ወር ውስጥ ጣቷ ወደ ነበረበት ሊመለስ ነው፤ መብራቱ ይቀላል፣ ሂሳቡ ይዘጋል፣ ሦስተኛው ጀሪካን እንደገና ይወሰዳል፣ አንሶላው በውድ ውሃ ይታጠባል፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን። ካላጠበች ደግሞ ርካሹን ውሃ ይዛ ቁጭ ማለት ነው። እኔ እናቴን ውሃ ስትፈራ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

የጎማ ጓንት አድርጊ እንደሚሉን አውቃለሁ፤ አድርጋለች። ገዝቼላት አንድ የትራስ ልብስ አጠበችበት። ስትጨርስ ጓንቱን አውልቃ ወረወረችውና «ጨርቁ ምንም አይነግረኝም እኮ» አለች። ሳሙናው ይልቀቅ አይልቀቅ የሚያውቀው ጣቷ ነው፤ ጓንቱ ውስጥ ሆኖ ደንቆሮ ሆነባት። እኔም «እኔ ላጥብልሽ» አልኳት። «ሴትዮዋ የመጡት ለኔ እጅ ነው» አለችኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ሳፋውን ትታ ወደ ውስጥ ገባች።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የውሃውን ዋጋ አንድ ያድርጉልን። የገንዘብ መጠበቂያ ወጪ ካለ በሁላችንም ላይ እኩል ይከፋፈል፤ እኛም ከድርሻችን አንሸሽም። ይህ ከከበደዎ ደግሞ፣ ጣታቸው በሥራ ያለቀባቸውን ሰዎች በሌላ መንገድ ይመዝግቧቸው። እናቴን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ወረፋው ሙሉ ያውቃታል፤ እትዬ በአረማመዷ ይለዩአታል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የለበሰውን ልብስ አንድ ቀን በእጇ ይዛዋለች። ማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ የማይመሰክርላት ሰው የለም፤ ከማሽኑ በቀር። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ ግን እባክዎን በግልጽ ይንገሯት፤ እናቴ እጇን ትንከር ወይስ አትንከር? እኔ ልነግራት አልቻልኩም። አንሶላዎቹ እንደተጠቀለሉ በራችን ጥግ ናቸው፤ ሴትዮዋም በዚህ ሳምንት መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ለመስጠት መጥቼ እንደ ባለፈው ቁልፍ ተቀብዬ እንዳልመለስ ስለፈራሁ፣ ከማስታወቂያዎ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። የእርስዎን ወረቀት አልሸፈንኩትም። ጎን ለጎን ናቸው፤ የፈለገ ሰው ሁለቱንም ማንበብ ይችላል፣ ለማንበብ ደግሞ እስካሁን ዋጋ አልወጣለትም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ከጣትዎም አንዲት መስመር እንኳ እንዳትጎድል እየጸለይኩ፣ ለአገልግሎትዎ ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት በጥሬው እገልጻለሁ፤ በሌላ መንገድ የመግለጽ ፈቃድ የለኝምና።

የልብስ አጣቢዋ ልጅ፣
ከፀሐዩ ወረፋ

ሳልጽፈው የረሳሁት፦ እናቴ ከተመዘገበች ጀምሮ ከጽሕፈት ቤትዎ በየሳምንቱ በስልኳ አጭር መልእክት ይደርሳታል። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የውሃ አጠቃቀምዎ ከዝቅተኛው መጠን በታች ስለሆነ ቅናሽዎ ሊሰረዝ ይችላል» ይላል። እሷ ማንበብ ስለማትችል ስልኩን ትሰጠኝና «ምን ይላሉ?» ትለኛለች። እኔም ልቤ አልችል ብሎ «እንደምን ሰነበቱ፣ እጅዎስ እንዴት ሆነ ይላሉ» እላታለሁ። እሷም «እንዴት ያሉ ሰው ናቸው፣ እግዜር ያክብራቸው» እያለች በየሳምንቱ ትመርቅዎታለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ መዋሸት አልወድም፤ የማይገባዎትም ምርቃት በስምዎ እየተከማቸ ነው። ስለዚህ ቢቻልዎ አንድ ሳምንት ብቻ፣ በስህተትም ቢሆን፣ እኔ የምላትን ይጻፉላት።